ለጨዋታ የማይሆን ኮምፒዩተር

«ለጨዋታ አልሆነም» ሲል ሰማችው።

የኔአለም የኮፒ ማሽኑን አሙቃ፣ አንዲት እናት ያመጣችላትን የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት መስታወቱ ላይ አጋድማ፣ ቁልፉን ልትጫን ጣቷን ዘርግታ ነበር። ድምፁ የመጣው ከቺፕውዱ ግድግዳ ወዲያ፣ ባሏ ታረቀኝ የቤት ፕላን ከሚነድፍባት ጠባብ ክፍል ነው። ጓደኛው ዓለምነው፣ የባንክ ቤት ኮምፒዩተሮችን የሚጠግነው፣ ቅዳሜ ስለሆነ በጠዋት መጥቶ አብሮት ተቀምጧል። ታረቀኝ ቀጠለና፣ አንተ በግማሽ ዋጋ የገዛኸው ከዚህ ይሻላል አለው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልሞከረው ነገር የለም፣ የጨዋታው መኪና መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ዓለምነው ሳቀና ታዲያ ሚስትህን ምን ብለህ አሳመንካት ሲል ጠየቀው። ታረቀኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቺፕውድ ግን ዝቅ ያለ ድምፅም ያሳልፋል። «ለሥራ ነው አልኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ የገዛሁት ለጨዋታ ነበር።» የኔአለም ቁልፉን ተጫነችው። ማሽኑ አጓራ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ እናቲቱ አምስት ብሯን ከፍላ፣ እግዜር ይስጥሽ ብላ ሄደች።

ኮምፒዩተሩ ከአዲስ አበባ የመጣው በአውቶቡስ ሆድ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ሥራውን ያቆመ አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ዕቃውን ሲሸጥ ታረቀኝ ሄዶ መቶ አርባ ሺህ ብር ከፍሎ አመጣው። ጥቁር ነው፤ ቁመቱ ከጠረጴዛው ሊስተካከል ምንም አልቀረውም፤ ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሣም፤ ውስጡ ሁለት ፕሮሰሰር ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል። ሲበራ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። ያ ገንዘብ ለሳሎኑ ወለል ሴራሚክ የተቀመጠ ነበር። የኔአለም ቀለሙን መርጣ፣ አደባባዩ አጠገብ ካለው ነጋዴ ጋር ዋጋ ቆርጣ ጨርሳ ነበር። ታረቀኝ ግን አንድ ማታ ራት ላይ፣ ላፕቶፑ አርጅቷል፣ ባለቀለም የሕንፃ ሥዕል ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ ይኼኛው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፣ ደንበኛ ይበዛል፣ ሴራሚኩ በዓመቱ ይደርሳል አላት። አመነችው። ነጋዴውንም ቆየኝ አለችው። ከዚያ ወዲህ ታረቀኝ ቀን ቀን ለፈቃድ የሚሆነውን ተራ ፕላን በዚያው በአሮጌው ላፕቶፕ ይነድፋል፤ ሲመሻሽ በሩን ዘግቶ ከትልቁ ጋር ይቀመጣል። እየተማረበት ይሆናል ብላ አላስቸገረችውም። ራት በልቶ ሲነሣ ሳህኑን ታነሣለች፤ ምን ሠራህ አትለው፣ እሱም ምን ዋልሽ አይላት። የጥቅምት ብርድ ሲጠና ብቻ የታጠበ ካልሲ ወስዳ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ታሰጣለች፤ በአንድ ሰዓት ይደርቃል። ከመቶ አርባ ሺው ብር እስካሁን ለእሷ የደረሳት ይኼው ነበር።

ያንገበገባት ጨዋታው አልነበረም። ታረቀኝ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አይጠጣም፣ ውጭ አያመሽም፣ ያገኘውን ቤት ያስገባል። ለጨዋታ ፈልጌዋለሁ ቢላት ምናልባት ስቃ ትፈቅድለት ነበር፤ ምናልባትም ተቆጥታ ትከለክለው ነበር። የትኛውን እንደምትል ሳይጠይቃት ራሱ መልሶላት አረፈ። በዚያ ላይ እውነቱን ለዓለምነው ሲነግር አላፈረም። ተነሥታ በሩን ልትከፍትባቸው ስትል ባንኮኒው ፊት ሰው ቆመ።

መሪጌታ አካለ ወልድ ነበሩ። ከአማኑኤል ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ዓይናቸው ቀድሞ የሚስቅ ሰው ናቸው። ክረምት ላይ ታረቀኝ ለአብነት ተማሪዎቻቸው ማደሪያ ፕላን ነድፎላቸዋል። ተማሪዎቹ አሁንም የሚያድሩት ዝናብ በሚያስገቡ ጎጆዎች ውስጥ ነው። መሪጌታ በብብታቸው የያዙትን ጥቅል ወረቀት ባንኮኒው ላይ አኖሩና ጉዳያቸውን ተናገሩ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የአገሩ ተወላጆች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ማደሪያውን ለማሠራት ቃል የሚገቡትም ያኔ ነው። የደብሩ ኮሚቴ ፕላኑን ቀድሞ ለመጣ አንድ ሰው ዘርግቶ ቢያሳየው፣ ሰውዬው ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ፣ ብዙ መስመር ነው ብሎ መልሶላቸዋል። ስለዚህ ሕንፃው ሲያልቅ የሚመስለውን በቀለም ማሳየት ያስፈልጋል። ትናንት በስልክ ታረቀኝን ለምነውት ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ለነገ አይደርስም ብሏቸው ነበር። ፊት ለፊት ብለምነው ይሻላል ብለው በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ።

የኔአለም ወረቀቱን አየች፤ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ከወትሮው ከፍ አደረገች።

«ግድ የለም መሪጌታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ። ባለቤቴ እንዲህ ያለውን ሥዕል በግማሽ ሰዓት የሚጨርስ ኮምፒዩተር ገዝቷል።»

ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ።

መሪጌታ መርቀዋት፣ ገበያ የሚጨርሱት ጉዳይ ነበራቸውና ሄዱ። ወዲያው ዓለምነው ጃኬቱን በትከሻው ጣል አድርጎ ወጣ፤ ደህና ዋይ የኔአለም አላት፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ እንደተከለ። ታረቀኝ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሥዕሉን የሚያወጣው ፕሮግራም ትልቁ ኮምፒዩተር ላይ ገና እንዳልተጫነ፣ ዛፉንና ሣሩን፣ ቆርቆሮውንና ድንጋዩን አንድ በአንድ ማልበስ እንዳለበት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ እንኳ ላይበቃው እንደሚችል ቀስ ብሎ ዘረዘረላት። ሁሉንም ሰማችውና «ፕሮግራሙ ካልተጫነ ሦስት ሳምንት ምን ስትሠራበት ነበር?» አለችው። ታረቀኝ ክፍሉ ገብቶ በሩን ሳይዘጋ ተቀመጠ፤ የሚያጉረመርመውን ዕቃ ድምፅ በስተኋላዋ እየሰማች ሱቋን ቆለፈችና ወረቀት ልግዛ ብላ ወጣች።

ወረቀት መግዛቱ እውነት ነው፤ ግን ወረቀት ከሚሸጠው ቤት አልፋ እስከ መናኸሪያው ሄደች። እዚያ ጥግ ላይ አመተ ማርያም የምትባል፣ ከታረቀኝ ጋር በአንድ ኮሌጅ የተማረች ሴት፣ በመጋረጃ በተከፈለ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊቱ ኮምፒዩተር ትጠግናለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ጌም ታጫውታለች። የኔአለም ስትገባ አመተ ማርያም የአንድ ላፕቶፕ ክዳን ከፍታ አቧራውን በቀለም ቡሩሽ እየጠረገች ነበር። እንድትቀመጥ ዱካ አቀረበችላት። ስለ ልጆች ተጨዋወቱ፣ የሽንኩርት ዋጋ ወረደ ተባባሉ፤ የኔአለም እስኪበቃ ድረስ ቆየችና ለሰው ነው የምጠይቅሽ አለቻት፤ ለመሐንዲስ ሥራ የተሠራ፣ ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ትልቅ ኮምፒዩተር ለጨዋታ ቢገዛ ያዋጣል ወይ?

አመተ ማርያም ቡሩሹን አስቀምጣ ፈገግ አለች። ሰውዬው ማን እንደሆነ ሳይገባት አልቀረም።

«እንደ ደቦ አስቢው» አለቻት። «ጤፍ ለማጨድ ሠላሳ ስድስት ሰው ብትጠሪ፣ እርሻው በግማሽ ቀን ያልቃል። አንድ ደብዳቤ ደምበጫ ለማድረስ ግን ሠላሳ ስድስቱንም ብትልኪ ከአንድ ጥሩ ፈረሰኛ አይቀድሙም። ጌም ደብዳቤ ነው።»

ከዚያ ቀስ ብላ አብራራችላት። ጨዋታ የሚፈልገው ጥቂት፣ ግን በጣም ፈጣን እጅ ነው፤ የዚያ ዓይነቱ ኮምፒዩተር እጁ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ እጅ ግን ረጋ ያለ። ምስል የሚያወጣው ካርዱም የንድፍ ካርድ ነው፤ መስመር ሳያዛንፍ ለመያዝ እንጂ ለእሽቅድምድም አልተሠራም። ሜሞሪው ብዛቱ ለጉድ ነው፣ ጨዋታው ግን ሩቡን እንኳ አይነካውም። ለጨዋታ ብቻ ከሆነ በግማሽ ዋጋ የተሻለ ይገኛል፤ ለሥራ ከሆነ ግን በዚህ ከተማ እንደሱ ያለ አላየሁም አለች። ቀጥላም፣ ሰውዬው ከመግዛቱ በፊት እዚህችው ዱካ ላይ ተቀምጦ ጠይቆኝ ነበር፣ አይሆንህም ብዬው ነበር ስትል የኔአለም ቀና አለች። አመተ ማርያም መጋረጃውን በአገጯ አመለከተች። ኮሌጅ ሳሉ ታረቀኝ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ወዳለ ጌም ቤት ይመላለስ ነበር፤ የሚከፍለው ስለሌለው ግን ቆሞ ነበር የሚያየው። የሰው መኪና ሊጋጭ ሲል እጁን አብሮ ያዞራል። ወንበር ሲለቀቅ ሌላውን ግባ ይላል እንጂ እኔ ልግባ አይልም። ስሙንም ተራ አስከባሪ ብለውት ነበር። የኔአለም ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ግን ያ ቀጭን ልጅ እጁን አየር ላይ ሲያዞር ታያት። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስትኖር ይህን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም።

ወረቀቷንና ትኩስ ዳቦ ይዛ ስትመለስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ታረቀኝ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ጠዋት የተዘረዘረው ችግር አብዛኛው አልቋል፤ ፕሮግራሙ ተጭኗል፣ የኮምፒዩተሩ ማያ ላይ ግራጫ ሕንፃ ቆሟል፣ እሱ ግድግዳውን ጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያውን ቀይ ቆርቆሮ ያለብሳል። ምሳውን አመጣችለትና ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ይሠራል። የመስኮቱ ቀለም አረንጓዴ ይሁን ወይስ ቡናማ ብሎ ጠየቃት፤ አረንጓዴ አለችው። ሰማዩን ጥርት ያለ ላድርገው ሲላት፣ የአማኑኤል ሰማይ በጥቅምት ትንሽ ደመና አያጣም አለችውና ደመና ጨመረበት። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሥዕሉን የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫነ። ዕቃው ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ሞቃት አየር እግራቸውን መታው፤ ማያው ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከዚህም ከዚያም ብቅ ብቅ እያሉ ሥዕሉን ይሞሉት ጀመር። አንዱ የጣሪያውን ጫፍ፣ ሌላው የበሩን ጉበን፣ ሌላው ደመናውን ይዟል።

«ደቦው ወጣ» አለች የኔአለም።

ታረቀኝ ዞሮ አያት። አመተ ማርያም ለሱም የነገረችው ምሳሌ ነው። ጆሮው ቀላ። ሥዕሉ በሃያ ስድስት ደቂቃ አለቀ። ሁለቱም ተጠግተው አዩት። ዝናብ የማያስገባ ረጅም ቤት፣ አሥራ ስድስት በሮች፣ ከፊቱ ሣር፣ በሣሩ ላይ የጣሪያው ጥላ። ታረቀኝ ስንት ፕላን ነድፎ ስንቱ ተሠርቶ ሲያልቅ አይቷል፤ ገና ያልተሠራ ቤት እንዲህ ሆኖ ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነበር።

መሪጌታ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ወንበር ተሰጣቸው፣ መነጽራቸውን ካፎቱ አውጥተው አደረጉና ማያውን ቀረቡ። በሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። የደብሩን አጥር ለዩት፣ ደወሉን ለዩት፣ ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ሕንፃው መሐል ተመለሰና ቆመ።

«ወይራው የት ሄደ?» አሉ።

ታረቀኝ የቱ ወይራ ሊል ነበር፤ ሳይል ደነገጠ። ጥቅሉን ወረቀት ዘርግቶ አየ። ከሕንፃው መስመር በታች አንዲት ትንሽ ክብ አለች፤ አጠገቧ በደቃቅ ፊደል «ይነሣል» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው እሱ ራሱ ነው። መሬቱን ሲለካ ከዛፎቹ አንዱ መስሎት ነበር። መሪጌታ ያቺን ክብ አስታወሷት፤ የውኃ ጉድጓድ መስላቸው ፈርመውበታል። ሳይቆጡ ነገሩት። በዚያ ወይራ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል፤ ከእሳቸው በፊት መምህራቸው እዚያው ተቀምጠዋል፤ ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ግንዱን ተደግፎ ነው። ማደሪያ ቢሠራላቸው ደስ ይላቸዋል፣ ግን ማደሪያው ያንን የሚያስቆርጥ ከሆነ ነገ እንግዶቹ ፊት ምን እንደሚሉ አያውቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት። የመጨረሻው ሚኒባስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ሊሞላ ነው።

የኔአለም ባሏን አየችው። ታረቀኝ ተቀምጧል፤ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ማያውን ያያል፤ ከንፈሩ ቁጥር ይቆጥራል። ሕንፃው ስምንት ሜትር ወደ ምሥራቅ ቢገፋ፣ ጫፉም ከአጥሩ ጋር እንዲሄድ ትንሽ ቢዞር፣ ወይራው ከደጁ ፊት ይቀራል። መሪጌታን ስለ ዛፉ ጠየቃቸው፤ ቁመቱን፣ ወዴት እንደሚያጋድል፣ ሥሩ ምን እንዳለ። ወደ ምዕራብ እንደሚያጋድል፣ ሥሩ ዙሪያውን መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ እንዳለ ነገሩት። ሕንፃውን ገፍቶ አዞረ፣ ወይራውን ተከለ፣ ድንጋዮቹንም ዙሪያውን አስቀመጠ። በላፕቶፑ ቢሆን የኔአለም ታውቃለች፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ሌሊቱን አድሮ ሲነጋ ይደርስና ሚኒባሱም ቅዳሴውም ያልፋል። አሥር ሰዓት ላይ ቁልፉን እንደገና ተጫነ። አራት ማዕዘኖቹ እንደገና ተሰማሩ። ዕቃው አጉረመረመ። መሪጌታ እጃቸውን በሞቃቱ አየር ላይ ዘርግተው እያሞቁ፣ ወይራው ከሥሩ ወደ ላይ እየበቀለ ሲመጣ ዓይናቸውን አልነቀሉም። የመጨረሻዋ ማዕዘን ስትሞላ ትልቁ ዛፍ በሮቹ ፊት፣ ወደ ምዕራብ አጋድሎ፣ ጥላውን ድንጋዮቹ ላይ ጥሎ ቆሞ ነበር።

የኔአለም በትልቁ ወረቀት አራት ቅጂ አተመችና አንዱንም ሳታጥፍ ጠቀለለችላቸው። መሪጌታ ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው ጥቁሩን ዕቃ አዩትና ይህን የመሰለ ነገር ለምን ተብሎ እንደተሠራ ታረቀኝን ጠየቁት። ታረቀኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለጨዋታ ነው የገዛነው» አለች የኔአለም፣ ከሱ ቀድማ።

«ጨዋታ አዋቂማ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸው ስቆ። «የጠየቅሁትን መለሰልኝ፤ ስናገርም አላቋረጠኝም።» መርቀዋቸው፣ ጥቅሉን እንደ ሕፃን አቅፈው በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ባልና ሚስት ጠባቧ ክፍል ውስጥ ቀሩ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወደ ቢጫ ሄዷል። ታረቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገና ሰምተሽኛል አይደል አላት።

«ቺፕውድ ነው» አለችው።

ከዚያ ራሱ ተናገረ። ብዙውን አመተ ማርያም ነግራታለች፤ እሷ ግን እንደ አዲስ ሰማችው። ጌም ቤቱን፣ ቆሞ ማየቱን፣ አንድ ቀን ከሁሉም ትልቅ የሆነውን ኮምፒዩተር እገዛለሁ ብሎ ለራሱ የተናገረውን ነገራት። አይሆንህም ሲባል እንኳ ያን ግዙፍ ዕቃ ካየ በኋላ ልቡ አልተመለሰለትም። አፈርኩ አላት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ መኪና ልነዳበት ነው ብልሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

«እስቅ ነበር» አለችው። «ስቄ ደግሞ ሴራሚኩን እመርጥ ነበር። ግን አብረን ነበር የምንስቀው። አንተ ከዓለምነው ጋር ሳቅህ።»

ይህኛው ገባው። ይቅርታ አድርጊልኝ አለ፤ በወጉ፣ ዓይኗን እያየ። እሷም እሺ አለች። ከዚያ ወሬው ወደ ሥራ ዞረ። ባለቀለም ሥዕል በአንድ ቀን የሚል ወረቀት ሰኞ ሱቁ በር ላይ እለጥፋለሁ አለችው፤ ሉማሜም ደምበጫም ቤት የሚሠራ ሰው ሞልቷል፣ መስመር የሚያነብ ግን ስንት ነው? የመጀመሪያው ገቢ ለወለሉ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀን የቤቱ ነው፤ ማታ የሱ ነው፤ በሩ ግን አይዘጋም። ታረቀኝ ሁሉንም ተቀበለ። ዓለምነው በራሱ ኮምፒዩተር ልለውጥህ ብሎት እንደነበር ነገራትና ሰኞ እምቢ እለዋለሁ አላት።

«እስቲ አሳየኝ» አለችው።

ምኑን እንደሆነ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ወንበሩን ለቀቀላት። የኔአለም መኪና ነድታ አታውቅም፤ ብስክሌት እንኳ አልነዳችም። የትኛው ቁልፍ ወደፊት፣ የትኛው ወደ ጎን እንደሆነ አሳያት። ሌሎቹ መኪኖች እንደ ጥይት ተተኩሰው ሲጠፉ የሷ ቀስ ብላ ተነሣች። በማያው ጥግ ላይ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚያሳይ አንድ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ታረቀኝ እሱን እያየ፣ ተመልከቺ አሁን ሠላሳ ገባ፣ አሁን ይቆራረጥብሻል፣ መታጠፊያው ላይ ታያለሽ ይላታል። እሷ ምንም አልታያትም። የምታወዳድረው ሌላ ኮምፒዩተር ስለማታውቅ፣ ለሷ መኪናዋ ደህና ትሄዳለች። መታጠፊያው ላይ ግን አልታጠፈችም፤ አጥሩን ሰብራ ሣር ላይ ወጣችና በቁልቁለቱ ወረደች፣ የኔአለም ጮክ ብላ እየሳቀች። መኪናዋ ከአንድ ውኃ ዳር ደርሳ ቆመች። ሐይቅ ነው። ፀሐይ እየጠለቀችበት፣ ማዶው ላይ ተራራ፣ ዳርቻው ላይ ነጫጭ ወፎች።

«ይህን ሐይቅ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

ታረቀኝ ከጥጉ ቁጥር ላይ ዓይኑን አነሣ። ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ ማያውን ተጠጋ፤ ወፎቹን አየ፣ ማዶውን አየ።

«መኖሩንም አላውቅ» አላት። «እስቲ ዳር ዳሩን ንጂው።»